ዘመድ የሌለበት ከተማ

ሰው ሁሉ ሲደክመው ወደ አርባ ምንጭ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከሐዋሳ ይመጣል፣ ስሙን አስተካክለን ከማንጠራው አገርም ይመጣል። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቆሞ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል ያይና "እንዴት ታድላችኋል!" ይለናል። ዓሣውን በዳጣ ይበላል፤ ዓይኑ እያነባ "ኧረ አያቃጥልም" ይላል። አዞ ሊያይ ይሄዳል፤ አዞውም እሱን ያየዋል። ከዚያ ፊቱ ፈክቶ ወደመጣበት ይመለሳል። እኛ እዚሁ እንቀራለን። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው ሁሉ ለማረፍ በሚመጣበት ከተማ የሚኖር ሰው ሲደክመው የት ሄዶ ይረፍ?

"ወደፈለገበት" ለማለት አትቸኩሉ። እንደዚያ ካላችሁ የእኛን ሰው አታውቁትም።

እኔ ከዚህ አገር ወጥቼ ብዙ ዘመን የኖርኩ ሴት ነኝ። በሰሜን አውሮፓ፣ ስሟን ብነግራችሁ በማትጠቅማችሁ አንዲት የወደብ ከተማ፣ ሰዎች አንብበው የመለሱትን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው ስመልስ አረጀሁ። ይህ ሥራ ለሰው ሁለት ነገር ያተርፋል፤ የወገብ ሕመምና ማንም ያልጠየቀው ዕውቀት። ወገቤን እኔ እችለዋለሁ፤ ዕውቀቱን እናንተ ቻሉልኝ። እዚያ አገር ጋዜጦቹ በየጊዜው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያወጣሉ፤ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ትተው ለሁለት ለሦስት ቀን ቢሄዱ የትኛው ከተማ ይሻላቸዋል የሚል። ሥዕል ለሚወድ ይኼኛው፣ ወይን ለሚወድ ያኛው፣ ተኮራርፎ ለከረመ ደግሞ ድልድይ የበዛበት። ልጅም ባልም የሌለኝ እኔ አንዱንም ሳላስቀር አንብቤዋለሁ። ታዲያ ከጸሐፊዎቹ አንድ እንኳ "እዚያ ከተማ ዘመድ አላችሁ ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ አላየሁም። የእኛ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የሚጠይቀውም ለደስታ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል ማደር ነውር ነው። ነውር ስል ቀለል አድርጌ ነው። አንድ የምናውቀው ሰው ለጉዳይ ሳውላ ሄዶ፣ የአክስቱን ልጅ ላለማስቸገር ብሎ ፔንሲዮን አደረ። ላለማስቸገር! የአክስቱ ልጅ በማግስቱ ከሰው ሰማ። "ቤቴ ምን ቢሸተው ነው?" አለ። ነገሩ ቂም ሆነ፤ ቂሙ ከርሞ ልጅ ሲዳር ሠርግ ላይ ሳይጠራሩ ቀሩ፤ በመጨረሻ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ካልተነሡ ነገሩ ባልበረደ ነበር። ይህ ሁሉ ለአንድ አልጋ።

ሕጉ ዘመዱ ጥቂት ለሆነ ሕዝብ አይከብድም። የእኛ የጋሞ ሰው ግን ሸማኔ ነው። መወርወሪያውን ይዞ ያልገባበት ከተማ የለም። በደረሰበት ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ እግሩን ከትቶ፣ ጥለቱን እየጣለ ይከርማል፤ ሲደላው ወንድሙን ይጠራል፤ ወንድሙ የሚስቱን ወንድም ይጠራል። በመሆኑም የአገሪቱን ካርታ ብትዘረጉልን እኛ የምናየው ከተማ አይደለም፤ የምናየው እነማን ቤት ልናድር እንደምንገደድ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ከውጭ ስመለስ የተቀበለችኝ የእህቴ ልጅ ብዙነሽ ናት። እዚሁ አርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ባጃጅ እንደ ንብ በሚጮኽበት መንገድ ዳር ትኖራለች፤ እኔ ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከመጻሕፍቶቼ ጋር ገባሁ። ብዙነሽ አስተማሪ ናት። ባሏ ማርቆስ የመስኖ ባለሙያ ነው፤ ካምባ ተመድቦ ተራራውን ሲወጣና ሲወርድ ይከርምና ቅዳሜና እሑድን እቤቱ ያሳልፋል፤ ያውም መንገዱ ደግ ከሆነ። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ሁሉን ነገር የምታውቀው ሜሮን፣ ሁሉን ነገር የሚጠይቀው ናሆም፣ ሁሉን ነገር አፏ ውስጥ የምትከተው ጸጋ።

አንድ ቀን ብዙነሽ ልብስ እያሰጣች፣ ፊቷን ወደ ገመዱ እንዳደረገች፣ "አክስቴ" አለችኝ፤ "እኔ ከባሌ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼ አላውቅም።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

የማርቆስን ሥራ ካምባ ላይ ቋሚ ሊያደርጉለት ነው። በወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። ወይ ቤተሰቡ ሁሉ ጠቅልሎ ካምባ ይገባል፣ ወይ እሱ ሥራውን ትቶ ሲቀላ ይመለሳል፤ እንዲህ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ እያደረጉ መኖር ከእንግዲህ አይቻልም። ለመነጋገር ይቀመጣሉ። "ካምባ ብንገባ…" ትላለች ብዙነሽ፤ ናሆም "ካምባ ዝንጀሮ አለ?" ይላል። "እዚሁ ብንቀር…" ይላል ማርቆስ፤ ጸጋ የሳሙና ቁራጭ ትውጣለች። ጸጋን ሳሙናውን ካስተፏት በኋላ ማን ዓረፍተ ነገሩን ያስታውሰዋል?

"ለዘመድ አትነግሩትም?" አልኳት። ተንኮል ነበር፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

"አክስቴ ሙች! ዘመድ ከሰማማ ዱቡሻ ወጣ በይው።"

ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ነገር የሚጨርሱበት አደባባይ ነው። እዚያ እጅ አይቆጠርም፤ ሁሉም ይናገራል፤ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይናገራል፤ ካልተስማማ ደግሞ ሌላ ቀን ይናገራል። የተዋበ ሥርዓት ነው፤ ያነበብኳቸው ምክር ቤቶች በሙሉ መጥተው ቢማሩበት ደስታዬ ነው። ለግጦሽ፣ ለድንበር፣ ለደም ነገር ተወዳዳሪ የለውም። ባልና ሚስት የት እንደሚኖሩ ለመወሰን ግን እንደ ገጀራ ነው፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጥፍር አይቆረጥበትም።

እኔም በልቤ ስሌት ሠራሁ። ካምባ ከገቡ ከእኔ ጋር የሚቀረው ሰርቪስ ቤቱ ነው። ግቢው ዝም ይላል። ዝምታን ደግሞ ጠግቤ ነው የመጣሁት። ይህን ግን ለብዙነሽ አልነገርኳትም፤ አንድ ተጨማሪ ሽማግሌ መሆን አልፈለግሁም።

"ሂዱ" አልኳት። "ልጆቹን ለእኔ ተዉና ሁለታችሁ ብቻ ጥቂት ቀን የሆነ ከተማ ሂዱ። ተነጋግራችሁ፣ ጨርሳችሁ፣ ወስናችሁ ኑ። ማንንም እንዳትጠይቁ።"

"አንቺ ነሽ ልጆቹን የምትይዣቸው?" አለችኝ፤ ዓይኗ ከእኔ ወደ ጸጋ ሄዶ ተመለሰ። ለማን እንደሰጋች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት ደረሰና ከተማ ለመምረጥ ተቀመጥን። ያቺን ጉባኤ በዓይናችሁ ብታዩልኝ ምንኛ በወደድኩ።

"ሐዋሳ" አለ ማርቆስ።

"ወንድምህ" አለች ብዙነሽ።

"ሶዶ።"

"እህትህ። እንዲያውም አልፈን ብንሄድ እንኳ መናኸሪያው ላይ ጠብቃ ታወርደናለች።"

"ኮንሶስ?"

"ሚዜህ ሞቷል እንዴ?"

"ኧረ ክፉ አትናገሪ! ጂንካ።"

"ጂንካ ዘመድ የለንም" አለች ብዙነሽ፤ ተስፋ ያገኘን መሰለን። "ግን የኳየር ጓደኞቼ አሉ።"

"የኳየር ጓደኛ ዘመድ ነው?" አልኩ እኔ።

"ይብሳል አክስቴ" አለ ማርቆስ። "ዘመድ አብልቶ ያስተኛል። እነሱ አብልተው ያዘምራሉ።"

ድሬዳዋ አጎት፣ ጅማ የአጎት ልጅ። አዲስ አበባ ሲባል ሦስታችንም ሳቅን፤ ሸማኔዎቻችን በሰፈሩበት ሽሮ ሜዳ ላይ "እናንተዬ" ብሎ የተጣራ ሰው ግማሽ ጨንቻን ያገኛል። በሕይወቴ ብዙ ካርታ አይቻለሁ፤ አገር ሙሉ በዘመድ ተሸፍኖ ማረፊያ ሲጠፋበት ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

"ዘመድ የሌለበት ከተማ እኔ አውቃለሁ" አልኩ። "ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖሬበታለሁ።"

ለቀልድ ያልኩት ነበር። ሁለቱም ጠረጴዛውን ማየት ጀመሩ። እዚያ ከተማ በሬን የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነበር፤ ኋላ ቆጣሪውም ከሩቅ የሚነበብ ሆነና እሱም ቀረ። አንድ ክረምት ሙሉ ተጨማሪ ፍራሽ ገዝቼ ጥግ አቁሜ ነበር፤ ምናልባት ከአገር ቤት ሰው ቢመጣ ብዬ። ለማንም አልተነጠፈም። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አላስተክዛችሁም።

ስልኬን አውጥቼ ካርታውን ከፈትኩ። ጣቴን ከኮንሶ አንሸራትቼ ወደ ታች ወሰድኩት። "ያቤሎስ?"

ማርቆስ ጣሪያውን እያየ በልቡ የዘር ሐረጉን ሲቆጥር ይታያል። ብዙነሽ የእሷን ወገን ትቆጥራለች።

"ያቤሎ ምን አለ?" አለች በመጨረሻ።

"ከብት" አለ ማርቆስ።

"ዘመድ ማለቴ ነው።"

"ከብቱ ዘመድ የለውም፤ ማለቴ… እኛ የለንም። ብዙዬ፣ የለንም እኮ!"

ተቃቀፉ። የያቤሎ ሰዎች ሆይ፣ ይቅር በሉን። ከተማችሁ ጥሩ ከተማ ናት፤ ወተታችሁም ስመ ጥር ነው። ነገር ግን ከተመሠረተች ጀምሮ ማንም በዚህ ምክንያት መርጧት እንደማያውቅ እገምታለሁ። የሁለት ሐይቅ፣ የአርባ ምንጭ፣ የስንት ማንጎ ጌታ የሆኑ ባልና ሚስት፣ ለመዝናናት ውኃ በጀሪካን ወደሚቀዳበት ደረቅ አገር ሊሄዱ በደስታ ሲያለቅሱ ያየሁ ምስክር እኔ ነኝ።

ሻንጣው እንደወጣ የማርቆስ እናት ደረሱ። እማማ ዋጋዬ ይባላሉ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ ሙዝ ያለሙ፣ ባለቤታቸውን ቀብረው ማሳውን ራሳቸው የያዙ ሴት ናቸው። ሲቀላ ሲመጡ ሁልጊዜ ሙዝ በኬሻ ይጭናሉ፤ ዘመድ ደግሞ በጭንቅላታቸው። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ይነዳል፤ እኔ እያስተካከልኩ ነው የምጽፍላችሁ፤ ሳስተካክለው ግን ጣዕሙ እንደሚቀንስ እወቁልኝ።

ሻንጣውን ሲያዩ ኬሻውን ጣሉት። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እማዬ" አለ ማርቆስ።

"ታዲያ ሻንጣ ምን ይሠራል?"

ልጅና ምራት ተያዩ። እኔ ገባሁ። "እኔ ነኝ ያቤሎ የምልካቸው። ጉዳይ አለኝ።"

ከውጭ አገር በመመለሴ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ምንም ዓይነት እንግዳ ነገር በእኔ ከተሳበበ ይታመናል። እማማ ዋጋዬ ስለ ጉዳዩ አልጠየቁኝም። መቀመጫ ሳቡ፣ ሌባ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ ተከሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ያቤሎ… ያቤሎ… ማን ነበር ያቤሎ ያለው?"

ብዙነሽ ሻንጣውን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። የእማማ ዋጋዬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የትኛውን ቤት እያንኳኩ እንዳለፉ እግዜር ይወቅ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ፊታቸው አዝኗል።

"የለም" አሉ። "ማንም የለም። እናንት ምስኪኖች! ታዲያ የት ልታድሩ ነው?"

"ሆቴል እናድራለን እማዬ" አለ ማርቆስ፤ የከንፈሩን ፈገግታ ለመዋጥ ሲታገል አገጩ ተንቀጠቀጠ።

"ሆቴል!" እስር ቤት ያላቸው ነው የመሰለው። ዕንባቸው መጣ። የኬሻውን ሙዝ እኩሌታ ወደ ሻንጣው አጋቡት። "የሰው እጅ አትዩ። ይህን እየበላችሁ ሰንብቱ" አሉ።

ዓርብ ጠዋት ሄዱ። ስልካቸውን እንዲያጠፉ አዘዝኳቸው፤ የሆቴሉን ስም ለእኔ ብቻ ትተው ወጡ። የአውቶቡሱ ጭስ ሳይበተን ናሆም "አሁን ደረሱ?" አለኝ።

ልጅ አሳድጌ ስለማላውቅ በመጽሐፍ ጀመርኩ። የትም አገር ያለውን አንድ የታወቀ ተረት ነገርኳቸው፤ ንጉሡ ልጁን ያባርራል፤ ልጁ በጫካው ውስጥ ብቻውን ይንከራተታል፤ ይርበዋል፤ ተኩላ ይከበዋል። ይህን ተረት በአራት ቋንቋ አንብቤዋለሁ፤ ሊቃውንት ስለ ጫካው ምሥጢር የጻፉትን ሳይቀር። ናሆም በትዕግሥት ሰማኝና "ለምን ዘመዶቹ ጋ አልሄደም?" አለ።

"ዘመድ የለውም" አልኩት።

"የእናቱ እህትስ?"

ሜሮን ጉዳዩን ወሰነችው። "ሞኝ ነው። ስልክ መደወል ነበረበት።"

ሊቃውንቱ ይህን አልጻፉም።

ጸጋ ቀኑን ሙሉ የመጽሐፎቼን ጠርዝ ስትቀምስ ውላ፣ ሲመሽ እናቷን ፈልጋ አለቀሰች። እንዴት እንደሚባበል አላውቅም። አጠገቤ አስተኛኋት፤ ጎኗን ወደ እኔ አዞረችና አንድ እግሯን የጎድን አጥንቴ ላይ ጥላ፣ እንደ ባለ ርስት ተኛች። ያቺ እግር ከባድ አልነበረችም። እኔ ግን ነቅቼ አደርኩ፤ ብንቀሳቀስ እንዳታነሣት ብዬ።

ቅዳሜ ማለዳ ስልኬ ጮኸ።

"አገኘሁ!" አሉ እማማ ዋጋዬ ከላንቴ።

"ምኑን?"

"የያቤሎውን ሰው! ቶማ! የባሌ የአጎት ልጅ፣ የጨንቻው! ሸማ ልሥራ ብሎ ሄዶ እዚያው አግብቶ ቀረ። ትናንት ለቅሶ ቤት ስጠይቅ ስጠይቅ አንዷ አስታወሰችኝ። አሁኑኑ ደውዬ ነገርኩት፤ ሰውየው አበደ! 'የወንድሜ ልጅ እኔ ባለሁበት አገር ሆቴል?' እያለ ነው። ሆቴሉን ንገሪኝ፤ ሄዶ ያምጣቸው።"

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ የዚህ ወግ ፍሬ እዚህ ጋ ነው።

የሆቴሉን ስም አውቃለሁ። ስሙን ብናገር ቶማ ይሮጣል። ሻንጣቸውን ተሸክሞ እቤቱ ያስገባቸዋል። እራት ላይ ነገሩን ከአፋቸው ያወጣዋል፤ እሑድ ላንቴ ይሰማል፤ ሰኞ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉም አውቃለሁ፤ እማማ ዋጋዬ ልጃቸውን ከተራራ ማዶ አይሰጡም። "ቅሩ" ይባላሉ፤ ይቀራሉም። ግቢው አይጸጥም። ናሆም ይጠይቀኛል። ያቺም እግር ጎኔ ላይ እንዳረፈች ትኖራለች። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያውም ውሸት ያልሆነ።

ጸጋ የስልኩን ቻርጀር ገመድ እያኘከች አንጋጣ ታየኛለች።

"ረሳሁት" አልኩ።

"ምኑን?"

"የሆቴሉን ስም። እርጅና ነው እማማ ዋጋዬ፤ ምን ላድርግ።"

በማስታወሴ ስኮራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መጽሐፉን ከነመደርደሪያው የምጠራ። እርጅናዬ የጠቀመኝ ያን ዕለት ብቻ ነው።

"ግዴለም" አሉ፤ "ያቤሎ ስንት ሆቴል አለ? ቶማ አንድ በአንድ ይዞራል።"

"ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው" አልኳቸው። "ሸማውን ትቶ ሆቴል ሲዞር ቢውል ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው? ነገ ይዙር።"

አሰቡበት። የሰው ሥራ ማስፈታትን እሳቸውም አይወዱም። "ነገ ይዙር እንግዲህ" አሉ፤ ስልኩን ዘጉ። እኔም አንድ ቀን ገዛሁላቸው። ገመዱን ከጸጋ አፍ ነጥቄ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ልነግራችሁ የማልፈልገውን ያህል ቆየሁ።

እሑድ አለፈ። ስልክ አልተደወለም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተከፈተና ባልና ሚስት በአቧራ ተለውሰው፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ። ማርቆስ አዲስ ጋቢ ለብሷል። ብዙነሽ ቅቤ በቅል ታቅፋለች። ልጆቹ እላያቸው ላይ ሲረባረቡ፣ እኔ ጋቢውን አየሁት። ጥለቱን አውቀዋለሁ። የእኛ አገር ጥለት ነው።

"አክስቴ፣ ጉድ ልንገርሽ!" አለች ብዙነሽ። "ያቤሎ ሰው አገኘን!"

"ደረሰባችሁ?" አልኩ።

"ማን? እኔ ነኝ እንጂ የደረስኩበት! ቅዳሜ ገበያ ወጣን። ከኋላዬ አንድ ሰው በጋሞኛ ዋጋ ሲከራከር ሰማሁ። አክስቴ፣ እግሬ አላስችል አለኝ! ማርቆስን ጥዬ ሮጬ ሰውየውን አቀፍኩት። 'የማን ልጅ ነህ?' ስለው፣ የማርቆስ የአባቱ የአጎት ልጅ!"

"ቶማ" አልኩ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"መጽሐፍ ላይ አንብቤ። ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምኑ ይጠየቃል?" አለ ማርቆስ። "ወዲያው ሻንጣችንን አወጣን።"

"የከፈላችሁበትን ክፍል ትታችሁ?"

"ዘመድ እያለ ሆቴል ይታደራል እንዴ?" አሉኝ፤ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ እኔ ባለጌ የሆንኩ ያህል።

"ስንት ልጆች አሉት ቶማ?"

"አምስት" አለች ብዙነሽ ፊቷ እንደበራ። "መሬት ላይ ተደርድረን፣ አንዱ በራሴ፣ አንዱ በግርጌዬ… አቤት እንቅልፍ!"

ከሦስት ልጅ ሸሽተው አምስት መካከል ተኙ። እኔ እዚህ ስለ እነሱ ምሽግ ይዤ ስዋጋ፣ እነሱ በሩን ከውስጥ ከፍተው ወጡ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ያሉት አበው ሆቴል ገብተው ያዩት ሳይሆን አይቀርም።

"ዓረፍተ ነገሩስ?" አልኩ። "ሳይጨረስ ቀረ አይደል?"

ብዙነሽ ቅሉን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። "ዓርብ ዕለት፣ ራት ሳይቀርብ ጨረስነው። ምን ይፈጃል አክስቴ? የሚያቋርጥ ሰው ሲጠፋ ለካ አጭር ነው።" እጄን ያዘችኝ። "ካምባ እንገባለን።"

ማንንም ሳትጠይቁ ወስኑ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንንም አልጠየቁም። እኔንም ጭምር። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

"ደግ አደረጋችሁ" አልኩ። ደግ ስለነበርም አልኩ።

"እርስዎም አብረውን ይሄዳሉ" አለ ማርቆስ። "ቤቱ ክፍል አለው።"

"እኔ ዕቃ ማሰር ሰልችቶኛል ልጄ። በዚያ ላይ መጻሕፍቶቼ ያንን ተራራ አይወጡትም።"

ዱቡሻው እንደሆነ አልቀረም፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ተቀመጠ። ሽማግሌዎች ተናገሩ፣ ሙዝ ተበላ፣ ሌላ ቀን ተቀጠረ፣ እንደገና ሙዝ ተበላ፤ የተወሰነውንም እነሱ እንደወሰኑት አድርገው መረቁት። እማማ ዋጋዬ ብቻ አልተጽናኑም። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሰርቪስ ቤቴ ደጃፍ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ግቢው ዝም ብሏል። ገመዱ ላይ ልብስ የለም።

"ካምባ!" አሉ በምሬት። "ካምባ ማን አለን? ምስኪን ልጆቼ።" ከልማድ ይሁን ከኀዘን ጣታቸው ወደ ግንባራቸው ሄደ፤ ዓይናቸው ተጨፈነ። "ካምባ… ካምባ… ማን ነበር ካምባ ያለው?" ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ፀሐይ ወጣ። "ማርቆስ አለን!"

አየኋቸው። አዩኝ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ዘመድ ሲቆጥሩ፣ እኔ መጽሐፍ ሳነብ ኖረን፣ ይቺን ሁለታችንም አላሰብናትም ነበር።

የሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንሄዳለን። እሳቸው ሙዝ ይጭናሉ፤ እኔ ለናሆም ዘመድ የሞላበት ተረት ፈልጌ አንድ መጽሐፍ ይዣለሁ፤ ለጸጋ ደግሞ የምትበላው ሌላ አንድ። መንገዱ ወገብ ይሰብራል ይላሉ፤ ወገቤ ቀድሞ የተሰበረ ስለሆነ አያስፈራኝም። ሜሮን በስልክ እንደነገረችኝ የምተኛው ከሦስቱ ጋር መሬት ላይ ነው፤ ፍራሽም ተነጥፎ ይጠብቀኛል።

ካምባ ደህና ሆቴል አለ ሲሉ ሰማሁ። እንዳለ ይኑር። እኔ እዚያ ማደር አይፈቀድልኝም፤ ዘመድ አለኝ።